«አገርዎ የት ነው?»፦ ብሔርንና ፍልሰትን በአዊ ምድር ስለ መጠየቅ

ስለ ብሔርና ስለ ፍልሰት የሚዘጋጅ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓምዶች አሉት። በአንደኛው የመላሹ ብሔር ይጻፋል፤ በሌላው ከየት እንደ መጣና መቼ እንደ መጣ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው የተመራማሪው ድካም የሁለቱን ዓምዶች ዝምድና መመርመር ነው፤ ብሔር ፍልሰትን ያብራራ እንደ ሆነ፣ ወይም ፍልሰት ብሔርን ይለውጥ እንደ ሆነ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች መረጃ ስሰበስብ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ጉዳይ ግን ከዝምድናው በፊት የሚመጣ ነው። በዚህ አካባቢ ሰው ማንነቱን ሲናገር የመጣበትን መንገድ ይናገራል፤ የመጣበትን መንገድ ሲናገርም ማንነቱን ይናገራል። ሁለቱን ለየብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ሊለካው የተነሣበትን ነገር ገና ከመነሻው ይከፍለዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ችግሩን በቃላት፣ በቁጥር፣ በትውፊት፣ በወሰንና በወቅት በኩል ይመለከታል፤ በመጨረሻም ጥያቄው ራሱ ሰውን ሊጎዳ የሚችልበትን ሁኔታ ያነሣል።

ቃላቱ

«ብሔር» የሚለው ቃል ዛሬ በሕግም በዕለት ንግግርም የሕዝብ መለያ ነው። በግእዝ ግን ቃሉ ምድርን፣ አገርን፣ ስፍራን ያመለክታል፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ያንን የጥንት ፍቺ እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል። ስፍራን ያመለክት የነበረው ቃል የሰዎች ስብስብ መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው በቅርብ ዘመን፣ በተለይም ከ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴና ከዚያ ወዲህ ከመጣው የፖለቲካ ቋንቋ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ የሚባለውን ሲተረጉም የጋራ ባህልን፣ መግባቢያ ቋንቋን፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና እምነትን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድርን በአንድነት ያስቀምጣል። ትርጉሙ ለሕግ ይበጅ ይሆናል። ለመጠይቅ ግን አምስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ቃል ተጠቅልለው እንደ ቀረቡ ይቆጠራል፤ መላሹ ለየትኛው እንደ መለሰ ማወቅ አይቻልም።

በዳንግላ ዙሪያ አረጋውያንን «ብሔርዎ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አጭር ነበር፤ ለቀበሌ ጸሐፊ የሚሰጥ ዓይነት መልስ። «አባቴ፣ አገርዎ የት ነው?» ስል ግን ወሬው ይከፈታል። ከተወለዱበት መንደር ይጀምርና ወደ አባት አገር፣ ከዚያ ወደ እናት አገር፣ ከዚያም አያት ወይም ቅድመ አያት መጥተው ወደ ሰፈሩበት ቦታ ይሄዳል። በአንድ ጥያቄ ሁለቱም ዓምዶች ይሞላሉ፤ የሚሞሉት ግን በአንድ ቃል ሳይሆን በአንድ ታሪክ ነው።

የፍልሰት ቃላትም እንዲሁ ናቸው። «ፍልሰት» የመጻሕፍት ቃል ነው። በባንጃ ገጠር «ከቤታችሁ የፈለሰ ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። «በረሃ የወረደ ልጅ አለ?» ሲባል ግን ከዚያው ቤት ሁለት ስም ይጠራል። በሰዎቹ አነጋገር መፍለስ ነቅሎ መሄድ ነው፤ በረሃ መውረድ ለመመለስ መሄድ ነው፤ «ስደት» ደግሞ ባሕር ለተሻገረ ወይም ተገፍቶ ለወጣ የሚቀመጥ ቃል ነው። ተመራማሪው ሦስቱን በአንድ ቃል ሲጠይቅ፣ ሁለቱን እንዳልነበሩ አድርጎ ይመዘግባል።

ቁጥሩ

እስከ አሁን በእጃችን ያለው የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ነው፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1999ኙ ቆጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ 982,942 ነበር። ከዚህ ውስጥ ብሔሩን አዊ ያለው 60 በመቶ ገደማ፣ አማራ ያለው 38.5 በመቶ ገደማ ነው። አፍ መፍቻ ቋንቋን በተመለከተ ግን አውኚ 45 በመቶ ገደማ፣ አማርኛ 53 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። በሁለቱ ሰንጠረዦች መካከል 15 በመቶ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ይህም ከ140 ሺህ በላይ ሰው አዊ ነኝ ብሎ አፍ መፍቻው አውኚ አለመሆኑን ተናግሯል ማለት ነው። ቁጥሩ ቢያንስ ያህል ነው፤ አማራ ነኝ ብለው አፍ መፍቻቸውን አውኚ ያሉ ሰዎች ካሉ ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል። ሁለቱ ጥያቄዎች ተጣምረው ካልተሰሉ በቀር ድምሩ ብቻ ይህን አይነግረንም።

ይህን ልዩነት ከቤቴ አውቀዋለሁ። አያቴ በአውኚ ኖረው በአውኚ የተናዘዙ ሴት ነበሩ። እናቴ ሁለቱንም ትናገራለች፤ ከገበያና ከለቅሶ ቤት አውኚ፣ ከልጆቿ ጋር አማርኛ። እኔ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ ቢጠይቁኝ የምመልሰው በአማርኛ ነው። ሦስታችንም ብሔራችንን አዊ ብለን እናስመዘግባለን፤ በቋንቋው ዓምድ ግን አንገናኝም። ከውጭ ለሚያይ ይህ «ቋንቋውን ያጣ ቤተሰብ» ነው። ከውስጥ ግን አንዲት እናት ዳንግላ ከተማ ላይ ልጆቿን ለትምህርት ቤትና ለሥራ ስታዘጋጅ ያደረገችው ምርጫ አለበት። ዛሬ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አውኚ በግእዝ ፊደል እየተጻፈ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል፤ ስለዚህ ከእኔ በኋላ የተወለዱ ልጆች ለዚያው ጥያቄ ሌላ መልስ ይኖራቸው ይሆናል። የአንድ ዘመን ሰንጠረዥ ይህን እንቅስቃሴ አይዘውም።

ከዚህ የተነሣ በመጠይቄ ውስጥ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለውን አንድ ጥያቄ በአራት ተካሁት፤ አያቶችዎ በምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? በልጅነትዎ በቤት የሚነገረው ምን ነበር? ዛሬ ገበያ ላይ በምን ይነጋገራሉ? ከልጆችዎ ጋርስ? አራቱ መልሶች በአንድ ሰው ላይ የሦስት ትውልድ መንገድ ያሳያሉ። የቦታ ለውጥ ከዚያ መንገድ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደ ገባም አብሮ ይታያል።

ትውፊቱ

አዊ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ይላል። በትውፊቱ መሠረት ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ፣ ከሰቆጣ አካባቢ ተነሥተው ወደ ጎጃም መጡ፤ በየሰፈሩበትም አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ ዚገምና መተከል ተብለው ቀሩ። እነዚህ ስሞች በአንድ ጊዜ የአባት ስም፣ የወገን ስምና የቦታ ስም ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልም በስሙ ያንን ቁጥር ይዞ ይሰለፋል። እንግዲህ የብሔረሰቡ ማንነት የተተረከው በፍልሰት ታሪክ ነው። «ነባር» እና «መጤ» የሚለው ክፍፍል በሌላ ስፍራ ቢያገለግልም፣ ነባርነቱን በመምጣቱ በሚያስረዳ ሕዝብ ዘንድ መስፈሪያ ሊሆን አይችልም።

ትውፊትን እንዴት እንጠቀምበት? ሁለት አጉል መንገዶች አሉ። አንደኛው እንደ ታሪክ ሰነድ ወስዶ የወንድማማቾቹን ዘመን ማስላት ነው። ሁለተኛው እንደ ተረት ቆጥሮ መተው ነው። የቋንቋ ሊቃውንት አውኚን ከሦስቱ የአገው ቋንቋዎች፣ ከዋግ ኽምጣኛ፣ ከከረን ብሊንና ከቅማንትኛ ለብቻው አውጥተው በደቡብ አገው ቅርንጫፍ ያስቀምጡታል። የአውኚና የኽምጣኛ ተናጋሪዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ቢናገሩ አይግባቡም። ይህን ያህል መራራቅ በጥቂት ትውልድ የሚፈጠር አይደለም። በሌላ በኩል ብሊኖችም አባቶቻችን ከላስታ መጡ ይላሉ። ስለዚህ ትውፊቱ ከቀን መቁጠሪያነቱ ይልቅ ስለ ዝምድና የሚሰጠው ምስክርነት ይበልጣል፤ ማን ከማን ጋር ወንድም ነው ተብሎ እንደሚታሰብና ወንድምነቱ በምን ጊዜ እንደሚጠራ ያመለክታል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አገው ባቀረቡት ጥናት ያነሡት የመቀላቀልና የመዋሐድ ሂደትም በዚህ በኩል ሲነበብ ጠቃሚ ነው።

ፍሬድሪክ ባርዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ሥራ ተመራማሪዎች የባህል ዝርዝር ከመቁጠር ይልቅ ሰዎች ድንበራቸውን እንዴት እንደሚያበጁና እንደሚጠብቁ እንዲመለከቱ መክሯል። ለእኛ አካባቢ ግን የቀረበው መምህር አለን ሆቤን ነው። በጎጃም ዳሞት ስለ ርስት ያጠናው ይህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ሊጠይቅ እንደሚችል፣ ከብዙ የትውልድ ሐረጎች መካከልም መሬት የሚያስገኘውን እያነሣ እንደሚከራከር አሳይቷል። ዘር የሚቆጠረው መሬት ወዳለበት ነበር። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ ክርክር መሠረቱን አጣ። ያነጋገርኋቸው በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ትውልድ በሁለቱም ወገን ሲቆጥሩ፣ ልጆቻቸው ከአያት አልፈው አለመሄዳቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በዚህ ምክንያት የዘር ሐረግ ስመዘግብ ከእያንዳንዱ ስም ጎን መሬቱ የት እንደ ነበር እጠይቃለሁ። ሐረጉ የፍልሰት ካርታ የሚሆነው ያኔ ነው።

የጽሑፍ ምንጮቻችንም የራሳቸው መንገድ አላቸው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ግሽ ዓባይ የመጡት የወንዙን ምንጭ ፍለጋ ነው። ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ላይ ሲቀመጥ ትልቁ ሥራው ጣናንና ዓባይን ማጥናት ነበር። ሰዎቹ በእነዚህ መጻሕፍት የሚታዩት በመንገድ ዳር ነው። አርቅቀን ካላነበብናቸው በቀር፣ ተንቀሳቃሹ ጸሐፊ ባለበት ጽሑፍ የአገሩ ሰው ሁልጊዜ ተቀማጭ ይመስላል።

ወሰኑ

ፍልሰት የሚለካው ወሰን በመሻገር ነው። ወሰኑ ራሱ ሲሻገርስ? ቀድሞ ዳንግላና እንጅባራ በጎጃም ክፍለ ሀገር የአገው ምድር አውራጃ ነበሩ፤ ቻግኒ ደግሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ በተደረገው አከላለል ቻግኒ በአማራ ክልል በአዊ ዞን ስትቀር፣ አብዛኛው የመተከል ምድር ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገባ። በ1972 ዓ.ም. ከቻግኒ ተነሥቶ ማንቡክ የሰፈረ ገበሬ በራሱ አውራጃ ውስጥ ቦታ ለወጠ እንጂ ወሰን አልተሻገረም። ዛሬ ያው ጉዞ በሰንጠረዥ ላይ ከክልል ወደ ክልል የተደረገ ፍልሰት ነው፤ ገበሬውም ሳይንቀሳቀስ በሌላ ክልል ነዋሪ ሆኗል። ራቨንስታይን ገና እ.ኤ.አ. በ1885 አብዛኛው ፍልሰት አጭር ርቀት ነው ብሎ ነበር። በአዊ ምዕራብ አጭሩ ርቀት ትልቁን ወሰን የሚያሻግር ሆነ።

ለዚህ የተጠቀምሁበት ዘዴ የሕይወት ዘመን ቀን መቁጠሪያ ነው። ዓመተ ምሕረትን ከመጠየቅ ይልቅ ሰዎች የሚያስታውሷቸውን ክስተቶች በአንድ መስመር አሰፈርሁ፤ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ፣ የ1977ቱን ድርቅና ወደ ጣና በለስ የተደረገውን ሠፈራ፣ የ1983ቱን የመንግሥት ለውጥ፣ የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ። መላሹ «ከሽግሽጉ በፊት ነው፣ የመጀመሪያ ልጄ በጀርባ ሳለች» ሲል ጊዜው በሁለት ምስክር ይጸናል። ለእያንዳንዱ ቦታም ሁለት ስም እጽፋለሁ፤ ያኔ የነበረበትን አውራጃና ወረዳ፣ ዛሬ ያለበትን ዞንና ክልል። ሰው ወሰን የተሻገረበትንና ወሰን ሰውን የተሻገረበትን ለይቼ ማስላት የቻልሁት በዚህ ነው።

ወቅቱ

ቤት ለቤት የሚሄድ ጥናት ያለውን ሰው እንጂ የሌለውን አያገኝም። ከደጋው ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች፣ ወደ ጃዊና ወደ መተከል ቆላ ለአረምና ለአጨዳ ይወርዳሉ። በመስከረምና በጥቅምት የተሞላ መጠይቅ የወላጆችን መልስ ይይዛል፤ በጥር የተሞላው የራሳቸውን የወጣቶቹን። ሁለቱ መልሶች በደመወዝ ብቻ አይለያዩም። እናት «ልጄ አዊ ነው» ስትል፣ ልጁ መተማ ላይ ራሱን «ጎጃሜ» ብሎ ሊያስተዋውቅ ይችላል፤ እዚያ የሚለየው ከጎንደሬው ከወሎዬው ነውና። ክላይድ ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1956 በሰሜን ሮዴሽያ የመዳብ ማዕድን ከተሞች ስለ ካሌላ ጭፈራ ባሳተመው ጥናት፣ ገጠር ውስጥ ዝርዝር የነበረው የወገን መለያ ከተማ ላይ ሰፋ ወዳሉ ክፍሎች እንደሚሰበሰብ አሳይቷል። በሰሊጥ እርሻ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ይቀራረባል። ስለዚህ የብሔርን መልስ ያለ ቦታው መመዝገብ ግማሽ መልስ መመዝገብ ነው።

የፍልሰቱ ምክንያትም ይለወጣል። በፋግታ ለኮማ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ገበሬው ከእህል ጋር እያፈራረቀ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መትከልና ከሰል ማክሰል ከጀመረ ወዲህ፣ ቆላ ይወርድ የነበረው ጉልበት በከፊል በደጋው ሥራ አግኝቷል። ከሰል የሚያከስሉና የሚጭኑ የቀን ሠራተኞችም ከሌላ አካባቢ ይመጣሉ። ትናንት ላኪ የነበረ ቀበሌ ዛሬ ተቀባይ ሊሆን ይችላል፤ የጥናቱ ወር ብቻ ሳይሆን ዓመቱም ውጤቱን ይወስነዋል።

ጥያቄው ሲጎዳ

እስከዚህ የተነሣው ሁሉ ትክክለኛ መረጃ ስለ ማግኘት ነው። በመተከል በደረሰው ግጭት የተፈናቀሉ አማሮች፣ አገዎች፣ ሺናሻዎች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎችም ነበሩ፤ ጉሙዞችም ከቀያቸው ወጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ ተጠልለው ነበር። ከእነዚያ መካከል ወደ እንጅባራ መጥተው ቤት ተከራይተው የቀሩ ቤተሰቦች በጥናቴ ናሙና ውስጥ ገቡ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ወደ ብሔር ጥያቄ ስደርስ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ይህን ጥያቄ እዚያም ጠይቀውን ነበር። መልሱን ነግረናቸው ነው የወጣነው።» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ቡናውን መቅዳት ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በእኔና በአማካሪዬ መካከል ነበር። አማካሪዬ ስለ ብሔር የሚጠና ጥናት የብሔርን ጥያቄ ከሰረዘ ርእሱን ያጣል አሉ፤ ሚዛናዊ አስተያየት ነው። ጥያቄውን ዝም ብሎ መተውም ገለልተኛ አይደለም፤ ሰዎቹ የተፈናቀሉበትን ምክንያት ከመዝገብ ያጠፋል፤ ተጎጂውን ስም የለሽ «ፍልሰተኛ» ያደርጋል። በሌላ በኩል ስም፣ ቀበሌና ብሔር በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የሚያደርጉትን ነገር እኒያ እናት ከማንኛውም የሥነ ምግባር መመሪያ በላይ ያውቃሉ። ወረቀቱ ዛሬ በእኔ ቦርሳ ነው፤ ነገ በማን እጅ እንደሚሆን ቃል ልገባላቸው አልችልም።

የደረስንበት መፍትሔ ይህ ነው። የብሔር ጥያቄ ከመጠይቁ መጀመሪያ ወደ መጨረሻ ሄደ፤ አማራጭ ዝርዝሩ ተነሣ፤ «ራስዎን እንዴት ይገልጻሉ? ይህን መመለስ የእርስዎ ፈቃድ ነው» በሚል ክፍት ጥያቄ ተተካ። ሁለት ወይም ሦስት መልስ የሰጠ ሰው ሁለቱም ሦስቱም ይመዘገቡለታል። ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ጥያቄውን እኔ አላነሣም፤ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ራሳቸው ካነሡት ብቻ በራሳቸው አነጋገር ይጻፋል። ስም በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም፤ ቀበሌው በወረዳ ደረጃ ተጠቃሏል፤ ፈቃዱ በፊርማ ሳይሆን በቃል ነው። ቃለ መጠይቁ በአውኚም በአማርኛም እንዲሆን መላሹ ይመርጣል። እኔ የምሰማውን ቋንቋ የሚናገር ረዳት አብሮኝ ስለ ነበረ መልሱን በሁለት ጆሮ እንይዘው ነበር።

ይህ አካሄድ ዋጋ አለው። ከናሙናው የተወሰነው ክፍል በብሔር ዓምድ ባዶ ነው፤ ሰንጠረዦቼ ከቀደሙ ጥናቶች ጋር በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ በክፍት የተሰጡ መልሶችን ማደራጀት ሦስት ወር ፈጅቷል። በምትኩ ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቋንቋ፣ የመሬትና የጉዞ መስመር አለኝ፤ ብሔር በዚያ መስመር ላይ የትኛው ቦታ ላይ እንደ ተነሣና ማን እንዳነሣው ይታያል። ብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተነሣው ወሰን ከተሰመረ ወይም ጠያቂ ከመጣ በኋላ ነው። ይህ በራሱ ግኝት ነው፤ በዓምድ ቢሞላ ኖሮ አይታይም ነበር።

በዋግ፣ በመተከልና በጣና ዙሪያ ተመሳሳይ ጥናት ለማካሄድ የሚያስቡ የሥራ ባልደረቦች የክስተት ቀን መቁጠሪያውን በየአካባቢያቸው እየቀየሩ ሊሞክሩት ይችላሉ። መጠይቁን ከማባዛታቸው በፊት ግን አምስት ወይም ስድስት አረጋውያንን «አገርዎ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። የትኞቹ ጥያቄዎች እንደሚያስፈልጉ፣ የትኞቹም እንደሚቀሩ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ይገኛል።